ለናይትሮጅን ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ «ኮሮላ ነው የምነዳው። ቤቴ አያት፣ ሥራዬ ቢሾፍቱ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን በፈጣን መንገዱ እመላለሳለሁ። ሰሞኑን ጎማ ላስነፋ የገባሁበት ቤት ‹ተራ ንፋስ ምን ያደርግልሻል፣ ናይትሮጅን እንሙላልሽ፣ ለአንዱ ጎማ 200 ብር ነው› አሉኝ። ጎማ አይፈነዳም፣ በሙቀት አያብጥም፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ የጎማ ዕድሜ ይጨምራል፣ ዓመት ሙሉ ሳትነኪው ትነጃለሽ ብለውኛል። የፊቶቹን ሁለቱን አስሞልቼ ለኋላዎቹ ላስብበት ብዬ ወጣሁ። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜም መኪና ሲገዛ ለዚሁ ነገር 199 ዶላር ሂሳቡ ላይ ተጨምሮበታል። እውነት ያዋጣል? ደግሞስ የፊቶቹ ቢጎድሉ ተራ ንፋስ ቢቀላቀልባቸው ችግር ያመጣል?»

መልስ፦ እህቴ፣ መልሱን ከፊት ላስቀምጠውና ምክንያቱን ቀስ ብለን እንየው። አያዋጣም። በነጻ ቢሰጡሽ ተቀበዪ፣ ከፍለሽ ግን አትፈልጊው። ናይትሮጅን መጥፎ ነገር ሆኖ አይደለም። ጎማሽን አይጎዳም፣ ትንሽ ጥቅምም አለው። ችግሩ ወሬው ከጥቅሙ በጣም መግዘፉ ነው። ከነገሩሽ ውስጥ እውነት የሆነ አለ፣ የተጋነነ አለ፣ ጨርሶ ስህተት የሆነ አለ፣ «ዓመት ሙሉ ሳትነኪው» የሚለው ደግሞ አደገኛ ነው።

እስከ ዛሬ በጎማሽ ውስጥ ምን ነበር? ያው ናይትሮጅን። ተራ አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን፣ 21 በመቶው ኦክስጅን፣ የቀረችው 1 በመቶ ደግሞ አርጎንና ሌሎች ጥቃቅን ጋዞች ናት። የሰፈርሽ ጎሚስታ በየጊዜው ሲሞላልሽ የኖረው ንፋስ ከሦስት አራተኛው በላይ አሁን በየጎማው 200 ብር የተጠራበት ዕቃ ነው። አሁን የምትከፍዪው ያንን ኦክስጅን ለማስወጣት ነው።

ማሽኑም ናይትሮጅን ከሩቅ አያመጣም። ኮምፕረሰሩ እዚያው ግቢ ያለውን አየር ይስባል፣ ውሃውንና ዘይቱን በማጣሪያ ያስቀራል፣ ኦክስጅኑን ለይቶ ውጭ ይለቀዋል፣ የቀረውን ወደ ጎማሽ ይልካል። ማሽኑ ደህና ከሆነና ማጣሪያው በጊዜው ከተቀየረ ከ95 በመቶ በላይ የጠራ ናይትሮጅን ይሰጣል። ማጣሪያው መቼ እንደተቀየረ ግን ማን ጠይቆ ያውቃል?

እስቲ አንድ ነገር አስታውሺ። የፊቶቹን ሲሞሉልሽ መጀመሪያ ጎማውን ሙሉ በሙሉ አስተነፈሱት? ወይስ በነበረው ላይ ጨመሩበት? ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጎማሽ 25 ፒኤስአይ (ጎሚስታ የጎማ ግፊት የሚለካበት አሃድ) ላይ ነበር እንበል፤ በዚያው ላይ ናይትሮጅን ጨምረው 32 ካደረሱት፣ ውስጡ ያለው ናይትሮጅን ከ78 ተነስቶ 81 በመቶ ገደማ ነው የሚደርሰው። 200 ብር ለ3 በመቶ! ሙሉ በሙሉ አስተንፍሰው ከሞሉት ደግሞ 92 በመቶ አካባቢ ይሆናል፤ ምክንያቱም ጠፍ ብሎ የተነፈሰ ጎማም ቢሆን ውስጡ ከውጭው ጋር እኩል ግፊት ያለው አየር ይቀርበታል። ከ95 ለማለፍ ሁለት ጊዜ ማስተንፈስና መሙላት ያስፈልጋል። ይህን ጊዜ ወስዶ የሚሠራ ቤት ካገኘሽ ባለሙያ ነው፣ አደንቀዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቱቦውን ሰክተው ሞልተው፣ አረንጓዴ ቆብ አድርገውልሽ «መልካም ጉዞ» ነው። አረንጓዴዋ ቆብ የሞላው ምን እንደሆነ ለቀጣዩ ጎሚስታ ለማሳየት የተለመደች ምልክት ናት እንጂ ምንም ሥራ የላትም።

አሁን ወደ እውነተኛው ጥቅሙ እንምጣ፤ መካድ አልፈልግም። ላስቲክ ለዓይን ድፍን ይምሰል እንጂ ጋዝ ቀስ እያለ ያልፍበታል፣ ኦክስጅን ደግሞ ከናይትሮጅን 3 እና 4 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ነው የሚሾልከው። ስለዚህ ናይትሮጅን የተሞላ ጎማ ዘግይቶ ነው የሚጎድለው። ግን ምን ያህል ዘግይቶ? ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች መጽሔት ከ2006 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ሞክሮታል። 31 ዓይነት ጎማ ከየዓይነቱ ጥንድ ጥንድ ወስዶ፣ አንዱን በአየር ሌላውን በናይትሮጅን 30 ፒኤስአይ ሞላና ዓመት ሙሉ ደጅ አስቀመጣቸው። በአየር የተሞሉት በአማካይ 3.5 ፒኤስአይ ጎደሉ። በናይትሮጅን የተሞሉት 2.2 ጎደሉ። ልዩነቱ 1.3 ነው፤ በወር ሳይሆን በዓመት። 1.3 ፒኤስአይ ማለት ማለዳ ለክተሽ ቀትር ላይ መልሰሽ ብትለኪው ፀሐዩ ብቻ ከሚያመጣው ለውጥ ያነሰ ነው።

ከዚሁ ሙከራ ሌላ ነገር ልብ በዪ፤ ናይትሮጅኑም ጎድሏል። «ሳትነኪው ዓመት ትነጃለሽ» የሚለው እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ያ ሙከራ የተደረገው ቆመው በዋሉ፣ ምንም ባልወጋቸው ጎማዎች ላይ ነው። ያንቺ ጎማ በቀን 90 ምናምን ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ኮብልስቶን ይረግጣል፣ ጉድጓድ ይገባል፣ ግንባታ ሰፈር ውስጥ ምስማር ያነሳል። ምስማር የበሳው ቀዳዳ ናይትሮጅንን ከኦክስጅን ለይቶ አያስቀርም።

በእኔ ልምድ ጎማ ቶሎ ቶሎ የሚጎድልበት ሰው ሲመጣ ምክንያቱ ላስቲኩ ሆኖ አያውቅም ማለት ይቻላል። አንዱ የተለመደው ጥፋተኛ ቫልቭ ነው። ጎሚስታ ምራቁን በጣቱ አድርጎ ቫልቩ አፍ ላይ ሲያስቀምጥ አይተሽ ታውቂያለሽ አይደል? ቀልድ አይደለም። ቫልቩ የሚያስተነፍስ ከሆነ ምራቁ ትንሽ አረፋ ይሠራና ታብጣለች፣ ትፈነዳለች፣ ሌላ ትተካለች። ውስጧ ያለችውን ቀጭን መርፌ ማጥበቅ ወይ መቀየር ነው መፍትሔው፣ የደቂቃ ሥራ ነው። ቆብ የሌለው ቫልቭ ደግሞ አቧራ ይገባበትና መዝጋት ያቅተዋል፤ ስለዚህ ቆብሽን አትጣዪ፣ አረንጓዴም ትሁን ጥቁር። ሌላው ቸርኬ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ጓ ብሎ የገባ ቸርኬ ጠርዙ ትንሽ ይጎብጣል፣ ጎማው በዚያ በኩል ገጥሞ አይቀመጥም፣ በየሳምንቱ 3 እና 4 ፒኤስአይ እየሾለከ ያልቃል። የብረት ቸርኬ ጠርዙ ሲዝግም እንዲሁ ነው። ይህን ለማወቅ ጎማውን በርሜል ውሃ ውስጥ መንከር ወይ የሳሙና አረፋ ዙሪያውን መቀባት በቂ ነው። ቸርኬው ጠማማ ከሆነ ግን ናይትሮጅን ብትሞዪበትም፣ ሌላ ምንም ብትሞዪበት ያው ይተነፍሳል።

ይህን ካነሳሁ አይቀር፦ ቸርኬ ሲበየድ ጎማው ከላዩ መውለቅ አለበት። ሙሉ በሙሉ። «ተንፍሷል እኮ ምንም አይሆንም» የሚል በያጅ ካለ መኪናሽን ይዘሽ ውጪ። የጋለ ቸርኬ ላስቲኩን ከውስጥ ያበስለዋል፣ የሚወጣው ጋዝ ይቀጣጠላል፣ ጎማው እንደ ቦምብ ይፈነዳል። በዓለም ዙሪያ ሰው የገደለ ነገር ነው።

ወደ ሙቀቱ እንሂድ፤ ትልቁ ውሸት ያለው እዚህ ጋ ነው። «ናይትሮጅን በሙቀት አያብጥም» የሚለውን ስሰማ ፊዚክስ ያስተማሩኝ መምህር ትዝ ይሉኛል። ደረቅ ናይትሮጅንና ደረቅ አየር በጎማ ውስጥ ባለው ሙቀትና ግፊት እኩል ነው የሚነፉት። አንድ ዓይነት። ጠዋት አያት ላይ 15 ዲግሪ ሆኖ 32 ፒኤስአይ ሞላሽ እንበል። በፈጣን መንገዱ ላይ የጎማው ውስጥ 45 ዲግሪ ሲደርስ መለኪያው 36.5 ገደማ ያሳያል። ናይትሮጅን ቢሆን 36.5፣ አየር ቢሆን 36.5። እዚህ እኛ ከፍታ ላይ በየ10 ዲግሪው 1.5 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል ብለሽ ያዢው። ፋብሪካውም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ነው የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ያለው የሚመከር ግፊት ቁጥር ለቀዘቀዘ ጎማ የሚጻፈው። በዚህ ምክንያት አንድ ክፉ ልማድ አለ፣ ተይው፦ አዳማ ደርሶ ጎማውን ለክቶ «አበጠ» ብሎ ማስተንፈስ። ትኩስ ጎማ 36 ቢል ትክክል ነው። ያኔ ወደ 32 ካወረድሽው ማታ ሲቀዘቅዝ 28 ላይ ታገኚዋለሽ። ነገ ጠዋት በጎደለ ጎማ ፈጣን መንገድ ገባሽ ማለት ነው።

ስለ ከፍታ ደግሞ ማንም የማያወራው ነገር አለ፣ እኔ ግን ደስ ስለሚለኝ ልንገርሽ። የጎማ መለኪያ የሚያሳየው በውስጥና በውጭ ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ስለሆነች ከውጭ የሚጫነን የአየር ግፊት 11 ፒኤስአይ ብቻ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 14.7 ነው። ቁልቁል በወረድሽ ቁጥር የውጭው ግፊት ይጨምራል፣ መለኪያውም ያነሰ ያሳያል። በሌላ በኩል ቆላው ይሞቃልና ሙቀቱ መልሶ ከፍ ያደርገዋል። ሁለቱ ይጣፋሉ! አዲስ አበባ 20 ዲግሪ ላይ 32 የሞላ ጎማ ሰመራ ወርዶ 40 ዲግሪ ጥላ ሥር ቢያድር መለኪያው ያው 32 አካባቢ ነው የሚለው። በእኛ አገር ደጋና ቆላ መካከል ለሚመላለስ ሾፌር የተፈጥሮ ስጦታ ነው፣ ብዙዎቹም ሳያውቁት ይጠቀሙበታል። አንቺ ከአያት ቢሾፍቱ ስትወርጂ በከፍታው ምክንያት የሚጎድለው 0.6 ፒኤስአይ ብቻ ነው፣ እርሺው። ናይትሮጅን ደግሞ በዚህ ሁሉ ውስጥ ምንም ሚና የለውም።

እና ይህ «አያብጥም» የሚል ነገር ከየት መጣ? ከውሃ። ይህኛው ክርክር ውሃ ያነሳል፣ በሁለቱም መንገድ። ኮምፕረሰር አየር ሲያምቅ በአየሩ ውስጥ የነበረው እርጥበት ወደ ውሃነት ይቀየርና በርሜሉ ሥር ይጠራቀማል። በየቀኑ ከታች ያለችውን ቡሎን ፈታ አድርጎ ማፍሰስ ያስፈልጋል። የማያፈስ ጎሚስታ ጋ ሄደሽ ቡሎኗን አስከፍቺው፤ ዝገት የመሰለ ቡናማ ውሃ እየተፋ ይወጣል፣ ዘይት ዘይት ይሸታል። ያ ውሃ በቱቦው በኩል ጎማሽ ውስጥ ይገባል። ጎማው ሲግል ውሃው ይተናል፣ እንፋሎቱ የራሱን ግፊት ይጨምራል። በተራ መኪና 45 ዲግሪ ላይ ይህ ጭማሪ 1 ፒኤስአይ ያህል ብቻ ነው። የእሽቅድምድም መኪና ጎማ ግን ከዚያ እጅግ በላይ ይግላል፤ 80 ዲግሪ ላይ ብቻ ጭማሪው ወደ 7 ይጠጋል። ለነሱ ይህ የውድድሩን ውጤት ይወስናል፣ ስለዚህ ደረቅ ጋዝ ይሞላሉ፣ ናይትሮጅን ደግሞ ሁልጊዜ ደረቅ ሆኖ ስለሚመጣ ምቹ ነው። ቁም ነገሩ ድርቀቱ ነው፣ ደረቅ አየርም ያንኑ ይሠራል። ለአንቺ የሚተርፈው ውሃው የብረት ቸርኬን ከውስጥ ማዛጉ ነው። ስለዚህ ጎሚስታ ስትመርጪ «ናይትሮጅን አላችሁ?» ከማለት «ኮምፕረሰሩን መቼ አፈሰሳችሁት?» ማለት ይሻልሻል። ዓይኑን ካፈጠጠ ወደ ሌላው ሂጂ።

«አይፈነዳም» ለሚለው። ይህ ከአውሮፕላን የተዋሰ ወሬ ነው። የአውሮፕላን ጎማ ወደ 200 ፒኤስአይ ይሞላል፣ ሲያርፍ ፍሬኑ እሳት ሆኖ ይግላል፣ ያ ሙቀት ወደ ጎማው ሲሄድ ላስቲኩ ከውስጥ ጋዝ ማውጣት ይጀምራል፣ እዚያ ኦክስጅን ካገኘ ይቀጣጠላል። በ1986 እ.ኤ.አ. መጋቢት ላይ ሜክሲካና የተባለው አየር መንገድ ቦይንግ 727 ከሜክሲኮ ሲቲ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ወድቆ 167 ሰው አልቋል። ምክንያቱ ፍሬን ግሎ ጎማ መፈንዳቱ ነበር፤ ጎማው በናይትሮጅን ፋንታ በተራ አየር ተሞልቶ ነበር። ዛሬ በአሜሪካ ደንብ ከ75,000 ፓውንድ ወይም 34 ቶን ገደማ በላይ የሚመዝን የመንገደኞች አውሮፕላን ፍሬን ያለበት ጎማው ውስጥ ኦክስጅን ከ5 በመቶ መብለጥ የለበትም። ቦሌ ላይ የምታያቸው ትልልቆቹ ሁሉ ናይትሮጅን ናቸው። እዚያ ላይ ናይትሮጅን ነፍስ ነው።

ኮሮላ ግን አይበርም። የኮሮላ ጎማ የሚፈነዳው ጎድሎ ስለሚነዳ፣ ከልክ በላይ ስለሚጫን፣ ስላረጀ፣ ወይም ጎኑ ስለተመታ ነው። ከሁሉ የከፋው መጉደሉ ነው። ግፊቱ ያነሰ ጎማ ጎኑ በየዙሩ ይታጠፋል ይዘረጋል፤ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይህ በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ ነው፣ መተጣጠፉ ራሱ ሙቀት ይፈጥራል፣ ሙቀቱ በክሮቹና በላስቲኩ መካከል ያለውን ማጣበቂያ ያላላል፣ ከዚያ አንድ ቀን ንጣፉ ተገንጥሎ ይሄዳል። በፈጣን መንገዱ ዳር ተገሽልጠው የተጣሉ ላስቲኮች አይተሽ ይሆናል። እነዚያን ውስጣቸው የነበረው ጋዝ አላዳናቸውም አልገደላቸውምም። «ዓመት አትንኪው» የሚለው ምክር አደገኛ ነው ያልኩሽም ለዚህ ነው፤ ናይትሮጅን አለኝ ብሎ የማይለካ ሰው አየር ሞልቶ በየወሩ ከሚለካው ሰው ይልቅ ለፍንዳታ የቀረበ ነው።

ነዳጁን በፍጥነት ልለፈው። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት የአራቱም ጎማ አማካይ ግፊት በ1 ፒኤስአይ ሲቀንስ የነዳጅ ቁጠባው 0.2 በመቶ ገደማ ይወርዳል ይላል። አንቺ በዓመት 2,000 ሊትር ብታቃጥዪና ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ባትለኪ፣ በዚያ 1.3 ልዩነት የምታተርፊው ቢበዛ 5 ሊትር ነው። በየወሩ የምትለኪ ከሆነ ዜሮ።

የጎማ ዕድሜም ቢሆን፣ ኦክስጅን ላስቲክን ከውስጥ እያደረቀ ማስረጀቱ እውነት ነው፣ አልክደውም። ግን እኛ አገር የቤት መኪና ጎማ ከውስጥ አርጅቶ ሲሞት አላይም። ፀሐይ፣ ጉድጓድና የተዛባ አላይመንት ቀድመውት ይጨርሱታል። ከባድ መኪና ያላቸው፣ ጎማውን አስለብሰው ደጋግመው የሚጠቀሙ ድርጅቶች ግን ሂሳቡን ቢሠሩት አይከፋም፤ ለነሱ የጎማው አካል ረጅም ዓመት ስለሚኖር ናይትሮጅኑ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። አንቺ ይልቅ የጎማሽን የተመረተበትን ቀን አንብቢ። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ 4 አሃዝ አለ። 2319 የሚል ከሆነ በ2019 ዓመት 23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ዓመቱ የፈረንጅ ነው፤ በእኛ ቆጥረሽ አዲስ ነው ብለሽ እንዳትሸወጂ፣ ሻጩም እንዳይሸውድሽ።

ለወንድምሽ። 199 ዶላሩ ሻጮች መኪና ሸጠው ከጨረሱ በኋላ ሂሳቡ ላይ ከሚደረድሯቸው ተጨማሪ ነገሮች አንዱ ነው፤ ከምንጣፍ መከላከያ፣ ከቀለም መከላከያ ጋር አብሮ ይመጣል። ከመፈረም በፊት «ይህን አውጡልኝ» ቢባል ብዙ ጊዜ ይወጣል፤ ከተፈረመ በኋላ ግን ሞኝህን ፈልግ ነው። እሱን የሚመለከት ሌላ ነገር ብርዱ ነው። እዚያ ከ2008 ሞዴል ወዲህ ያሉ መኪኖች ሁሉ ጎማ ሲጎድል የሚበራ የዳሽቦርድ መብራት በሕግ አላቸው፣ መብራቱ የሚበራው ከሚመከረው 25 በመቶ ሲጎድል ነው፤ የሚመከረው 32 ከሆነ 24 ላይ ማለት ነው። በመስከረም ሞቅ ባለ ቀን 28 ላይ የነበረ ጎማ ጥር ላይ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ በሆነ ጠዋት 24 ይደርሳል፣ መብራቱም ቦግ ይላል። ናይትሮጅንም ቢኖረው ይበራል። ብዙ ሰው ያኔ «የከፈልኩት የት ሄደ?» ይላል። የትም አልሄደም፣ ቀዝቅዞ ነው። ጠዋት በቀዘቀዘ ጎማ የሚመከረውን ያህል ይሙላ፣ አለቀ።

አንቺ ምን አድርጊ? ለኋላዎቹ ልትከፍዪ ያሰብሽውን 400 ብር ወደ ጎን አድርጊውና አንድ የራስሽ የግፊት መለኪያ ግዢ። ከሲጋራ ማቀጣጠያው ሶኬት የሚሠራ ትንሽ ኮምፕረሰር ማግኘት ከቻልሽ እሰየው፣ ስኮርታሽንም መንገድ ላይ ይታደግልሻል። የራስሽ መለኪያ ያስፈለገው የጎሚስታ መለኪያ ስለሚዋሽ ነው፤ በቀን ስንቴ መሬት ላይ እንደሚወድቅ አይተሻል። አንዱ ቤት 32 ያለሽ ሌላው ቤት 37 ሊል ይችላል። የራስሽ ቢዛባ እንኳ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ነው የሚዛባው፣ መጉደሉን ትይዣለሽ።

ከዚያ በወር አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ከመነሳትሽ በፊት፣ አራቱንም ለኪ። ስኮርታውንም። ብዙ ሰው ስኮርታውን የሚያስታውሰው ክሪክ አውጥቶ መኪናውን ካነሳ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ጠፍ ብሎ ያገኘዋል። የምትሞዪው ቁጥር የሾፌሩን በር ስትከፍቺ ምሰሶው ላይ ያለው ነው። ከጃፓን የመጣ መኪና ከሆነ ጽሑፉ አይነበብሽም፣ ቁጥሩ ግን ይነበባል፦ 220 ካለ ኪሎ ፓስካል ነው፣ 2.2 ካለ ባር ያህል ነው፣ ሁለቱም 32 ፒኤስአይ ናቸው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን 44 ወይም 51 አትሙዪ፤ እሱ ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው እንጂ መኪናሽ የሚፈልገው አይደለም። «ለመንገዱ ጠንከር ይበል» እያሉ 40 የሚሞሉም አሉ። መሃሉ ቀድሞ ያልቃል፣ ዝናብ ላይ ፍሬን ስትይዢ ይንሸራተታል፣ ጉድጓዱም ወገብሽ ላይ ነው የሚያርፈው።

መቀላቀሉን በተመለከተ ምንም ችግር የለውም። ጨምሪ። ናይትሮጅን ያለበት ጎማ ላይ ተራ አየር ብትጨምሪ አይፈነዳም፣ አይበላሽም፣ ጎማው አይታመምም፤ ንጽሕናው ትንሽ ይወርዳል፣ ያው ነው። እንዲያውም የኔ ፍራቻ የተገላቢጦሹ ነው፦ ሰው «ናይትሮጅን ነው እንዳይቀላቀል» ብሎ 24 ላይ የወረደ ጎማ ይዞ ያንን አንድ ቤት ፍለጋ ከተማውን ሲያቋርጥ። እንዲህ አታድርጊ። ጎድሎ ካየሽው የትም ባለ ማደያ፣ ባለው ንፋስ ወዲያው ሙዪ። የፊትና የኋላው የተለያየ ጋዝ መያዙም መሪ አይስብም፣ ፍሬን አይጎትትም፤ መሪ የሚስበው የግራና የቀኝ ግፊት ሲለያይ ነው።

አንዱ የፊት ጎማ ከሌላው ቶሎ የሚጎድል ከሆነ ግን በጋዙ አታሳቢ፣ ቫልቩንና ቸርኬውን አስፈትሺ። የጎማሽን 4 አሃዝና የበሩ ምሰሶ ላይ ያለውን ቁጥር ጽፈሽ ብትልኪልኝ ጎማዎቹ ለፈጣን መንገዱ ገና ይሆኑ እንደሆነ እነግርሻለሁ።